መደቡ በውኃው ልክ፦ የትምህርት ቤት የአትክልት ክበብ የጥቢ ወራት ሥራ በሰሃላና በዋግ ደጋማ ቀበሌዎች

ይህ ጽሑፍ በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በተለይም በሰሃላ ሰየምት ወረዳና በሰቆጣ ዙሪያ ለሚሠሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለሁለገብ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ነው። ዓላማውም በትምህርት ቤት የሚቋቋም የአትክልት ክበብ ክረምቱ ከወጣ በኋላ ባሉት ወራት፣ ማለትም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ምን መሥራት እንዳለበትና ሥራው ከምን መጀመር እንደሚገባው ለማመልከት ነው።

መግቢያ

እንደሚታወቀው በዋግ ኽምራ ዝናቡ አንድ ወቅት ብቻ ያለው ነው። አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይዘንባል፤ ብዙ ጊዜም ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ ይወጣል። ትምህርት ቤት ደግሞ ሰኔ መጨረሻ ላይ ይዘጋና በመስከረም ይከፈታል። እንግዲህ ነገሩን አቅርበን ስንመለከተው፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ዝናቡ ይገባል፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ዝናቡ ይወጣል። ለትምህርት ቤት አትክልት የሚጻፉ ብዙ መምሪያዎች ዝናብ ወይም የቧንቧ ውኃ እንዳለ አድርገው ስለሚነሡ ለዚህ አካባቢ እንዳሉ ሊወሰዱ አይችሉም።

የጉዳዩን ክብደት ማስረዳት አያስፈልግም። አካባቢው በ1977 ዓ.ም. የደረሰበትን ረኀብ ሽማግሌዎች ዛሬም ያስታውሱታል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2030) ለማስወገድ የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ የተጠራው በዚሁ አካባቢ ከተማ ስም ነው። ከዚያ በኋላም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜን በተካሄደው ጦርነት የትምህርት ሥራ ተቋርጧል፤ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቅ ሰሃላንና ዝቋላን ጨምሮ ቆላማ ወረዳዎችን ክፉኛ ጎድቷል። ይህን ሁሉ አልፎ ወደ ክፍል የተመለሰ ልጅ በትምህርት ቤቱ ጓሮ የሚያየው ነገር የለመለመ መደብ ወይም የደረቀ መደብ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ሁለቱም ያስተምራሉና።

አንድ ስሕተትና ያስተማረን

ከጥቂት ዓመታት በፊት በቆላው ክፍል ባለ አንድ ትምህርት ቤት የአትክልት ክበብ እንዲቋቋም ምክር ሰጥተን ነበር። ቦታው ሰፊ፣ አፈሩም ደኅና ስለነበር በሜትር ለክተን እያንዳንዳቸው 1 ሜትር በ5 ሜትር የሆኑ 20 መደቦች እንዲቆፈሩ አደረግን። ክበቡ 30 አባላት ነበሩት። ዘሩ በሚገባ በቀለ፤ በጥቅምት የመጣ እንግዳ ሁሉ አደነቀ።

በኅዳር ሦስተኛ ሳምንት ስንመለስ ከ20ው መደብ አረንጓዴ ሆኖ ያገኘነው ሁለቱን ብቻ ነበር። ከ30ው አባላት ዘጠኙ ቀርተዋል። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገም። በቆላ ሙቀት አንድ መደብ በቀን ወደ 30 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። 20 መደብ 600 ሊትር ይሆናል፤ ይህም በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 30 ጀሪካን ነው። እንግዲህ ሳናውቀው ለእያንዳንዱ ልጅ በየቀኑ አንድ ሙሉ ጀሪካን ፈርደንበት ነበር። ወንዙ ሲጎድል ልጆቹ፣ ይልቁንም ሴቶቹ፣ እናታቸው ለቤት ከቀዳችው ውኃ እየቀነሱ በትንንሽ ዕቃ ማምጣት ጀምረው ነበር። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ የሆኑት አዛውንት መሬቱን ስንለካ እንዳዩን፣ ውኃውን መቼ እንደለካን ግን እንዳላዩ በትሕትና ጠየቁን። መልስ አልነበረንም።

ጥፋቱ የመምህሩም የተማሪዎቹም አልነበረም፤ ምክሩን የሰጠነው እኛ ነን። ከሁሉ የከፋው የዘሩና የጉልበቱ መባከን አይደለም። እነዚያ ልጆች ከክበቡ ይዘውት የወጡት ትምህርት አትክልት በአገራችን አይሆንም የሚል መሆኑ ነው። በተከታዩ ዓመት በዚያው ቦታ ሦስት መደብ ብቻ ተሠራ፤ ሦስቱም እስከ ጥር ድረስ ቆዩ። በዚህ ጽሑፍ የሚቀርበው አሠራር ከዚህ የተገኘ ነው።

የውኃው ሂሳብ

ክበቡ ዶማ ከማንሣቱ በፊት እርሳስ ማንሣት አለበት። ሂሳቡ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ስለሆነ በክፍል ውስጥ ከተማሪዎቹ ጋር አብሮ ቢሠራ ይመረጣል።

1ኛ/ ከጣሪያ የሚገኘው ውኃ። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1 ሊትር ይሆናል። 20 ሜትር ርዝመትና 8 ሜትር ስፋት ያለው የመማሪያ ክፍል የቆርቆሮ ጣሪያ 160 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ከዚህ አንድ አምስተኛው በመፍሰስና በመትነን ይጠፋል ብንል ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ዝናብ 128 ሊትር ይገኛል። ስለዚህ 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ለመሙላት ወደ 80 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይበቃል። አሸንዳው በጣሪያው አንድ ወገን ብቻ ከሆነ የሚገኘው ግማሹ ነው።

2ኛ/ ለአትክልት የሚመደበው ውኃ። የሮቶው ውኃ በቅድሚያ ለእጅ መታጠቢያና ለንጽሕና ነው። ለአትክልት ስንት ሊትር እንደሚቀር ርእሰ መምህሩና የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ በመስከረም ተነጋግረው መወሰን አለባቸው። ይህ ሳይወሰን የተጀመረ ክበብ በኅዳር ከትምህርት ቤቱ ጋር ይጣላል።

3ኛ/ መደቡ የሚፈልገው ውኃ። 1 ሜትር በ5 ሜትር የሆነና አፈሩ በጉዝጓዝ የተሸፈነ መደብ በደጋና በወይና ደጋ በቀን ወደ 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን፣ በቆላ ደግሞ ወደ 30 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ተኩል ይፈልጋል። ቡቃያው ትንሽ ሳለ ከዚህ ያነሰ ይበቃዋል።

4ኛ/ የመደቡ ቁጥር። የሥራው ዘመን ከጥቅምት 10 እስከ ጥር 20፣ 100 ቀን ነው ብለን እንውሰድ። ለአትክልት የተመደበው ሊትር ለ100 ይካፈላል፤ የተገኘው ደግሞ በደጋ ለ20፣ በቆላ ለ30 ይካፈላል። ለምሳሌ 10,000 ሊትር በሙሉ ለአትክልት ቢመደብ በደጋ 5 መደብ፣ በቆላ 3 መደብ ይሆናል። ግማሹ ብቻ ቢመደብ በደጋ 2፣ በቆላ 1 መደብ ይሆናል። ትርፍ ከመጣ ለሙቀትና ለፍሳሽ መጠባበቂያ ይተዋል እንጂ ተጨማሪ መደብ አይቆፈርበትም።

አንድ መደብ ትንሽ ነው ብሎ ማፈር አያስፈልግም። እስከ ጥር የቆየ አንድ መደብ በኅዳር ከደረቀ ሃያ መደብ ይበልጣል።

ሮቶ ወይም የቆርቆሮ ጣሪያ የሌለው፣ በዳስ የሚያስተምር ትምህርት ቤትም አለ። እንዲህ ባለው ቦታ ከእጅ መታጠቢያው የሚወርደው ውኃ በአንድ ጉድጓድ ዳር ለሚተከሉ ለሁለትና ለሦስት የፓፓያ ወይም የሽፈራው እግሮች ይበቃል። የሳሙና ውኃ በቅጠል ላይ ወይም በጥሬው በሚበላ አትክልት ላይ መፍሰስ የለበትም። ኩሬ ለመቆፈር ሲታሰብ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራና በትግራይ ክልሎች ከተቆፈሩት የቤተሰብ ኩሬዎች ብዙዎቹ በስርገትና በትነት ውኃ መያዝ እንዳቃታቸው መታወስ አለበት። ከሥር የፕላስቲክ ምንጣፍ፣ ከላይ ጥላ፣ በዙሪያው ጠንካራ አጥር የሌለው ኩሬ በትምህርት ቤት ግቢ መቆፈር የለበትም። ለሕፃናት ሕይወት አደጋ ነው፤ በቆላም የወባ ትንኝ ይራባበታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ አንድ ደንብ ይጠበቅ፦ ለቤት መጠጥ የተቀዳ ውኃ ከልጅ ለአትክልት አይጠየቅም።

ደጋና ቆላ አንድ አይደሉም

ከሰቆጣ፣ ከጋዝጊብላና ከደሃና ከፍታዎች ወደ ተከዜ ሲወረድ በአጭር ርቀት የአየሩ ጠባይ ይለወጣል። ስለሆነም አንድ የዘር ዝርዝር ለሁሉም ትምህርት ቤቶች መላክ ስሕተት ነው።

በደጋው ክፍል በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ቲማቲም፣ ቃሪያና ስኳር ድንች በውርጭ ይቃጠላሉ። በዚያ የሚመረጡት ሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ቀይ ሥር ናቸው። በሰሃላ ቆላ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ የዓመቱ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል በመሆኑ ውኃ እስከተገኘ ድረስ ለአትክልት ከሁሉ የተመቸ ነው። በዚያ ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና የስኳር ድንች ሐረግ ይስማማሉ፤ በመደቡ ዳርም ሽፈራው ይተከላል።

ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ገበያ ስላላቸው መምህራን ይወዷቸዋል። ነገር ግን ሽንኩርት ከዘር እስከ ምርት ከአራት ወር በላይ ስለሚቆይ፣ ነጭ ሽንኩርትም ከዚህ ስለማያንስ፣ በሮቶ ውኃ ብቻ ለሚሠራ ክበብ አይመከሩም። ወንዝ ወይም ጠለፋ መስኖ ያለው ትምህርት ቤት ሊሞክራቸው ይችላል።

የመስከረም ሥራ

ትምህርት እንደተከፈተ መጀመሪያ የሚሠራው ውኃውን መለካት ነው። በቀጥታ ዘንግ ላይ ምልክት ተደርጎ የሮቶው ወይም የኩሬው ጥልቀት ይለካና በክበቡ መዝገብ ይጻፋል።

ሁለተኛው ሥራ አረንጓዴው ሳይደርቅ ብስባሽ ማዘጋጀት ነው። በመስከረም በግቢው ዙሪያ ያለው አረምና ሣር በጥቅምት አይገኝም። ዘር ሳያፈራ ይታጨዳል። በደረቅ አካባቢ ብስባሽ ከመሬት በላይ ከሚከመር ይልቅ በጉድጓድ ቢዘጋጅ እርጥበቱን ይጠብቃል። 1 ሜትር ተኩል በ1 ሜትር ተኩል የሆነ፣ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ተቆፍሮ ደረቅ አገዳና ቅጠል፣ አረንጓዴ አረም፣ ፍግ፣ ጥቂት አመድና ስስ አፈር በየተራ እየተነባበሩ ይሞላሉ፤ በየንብርብሩም ጥቂት ውኃ ይርከፈከፍበታል። በመጨረሻ በአፈርና በቅጠል ይሸፈናል። በየወሩ ከተገላበጠ በሦስትና በአራት ወር ይደርሳል። ይህ ብስባሽ ለሚቀጥለው ሥራ ነው፤ ለዘንድሮው መደብ ከወላጆች በረት የበሰለ ፍግ ይለመናል።

ሦስተኛው ሥራ አጥር ነው። የመኸሩ አዝመራ እንደተሰበሰበ ከብቱና ፍየሉ በቃርሚያ ላይ ይለቀቃል፤ ፍየል ደግሞ ለምለም ነገር ከሩቅ ያያል። አጥሩ ከጥቅምት ማለቂያ በፊት ካልተጠናቀቀ ሥራው ሁሉ ለፍየል ይሆናል። ለደረቅ አጥር የሚቆረጠው እሾህ ከቅርንጫፍ ይሁን፤ ግራሩን ከግንዱ መቁረጥ አይገባም። ለሕያው አጥር እሬትና ቃጫ ይስማማሉ። ቅንጭብ በቶሎ ቢያድግም ወተቱ ዓይንን ስለሚጎዳ በትምህርት ቤት አይተከልም።

የጥቅምት ሥራ

መደብ አቆራረጥ። በክረምት የሚሠራው መደብ ውኃ እንዳይተኛበት ከፍ ይላል፤ በጥቢ የሚሠራው ግን ውኃውን እንዲይዝ ዝቅ ማለት አለበት። ወርዱ 1 ሜትር፣ ማለትም ሁለት ክንድ ያህል ሲሆን ልጅ ከሁለቱም ወገን ሳይረግጠው መሐሉን ይደርስበታል። ርዝመቱ 5 ሜትር ነው። የላይኛው አፈር ለብቻ ይወጣና ግማሽ ኬሻ ያህል የበሰለ ፍግ ተደባልቆበት ይመለሳል። ሥራው ሲያልቅ የመደቡ ፊት ከመተላለፊያው በ10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት።

አዘራር። ቆስጣ ችግኝ ሳያስፈልገው በቀጥታ ሊዘራ ይችላል። ዘሩ ሌሊቱን በውኃ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ በመስመሮች መካከል 30፣ በእግሮች መካከል 25 ሳንቲ ሜትር ተተው በየጉድጓዱ ሁለት ዘር ይጣላል። ሲበቅል ጠንካራው ቀርቶ ሌላው ይነቀላል። በዚህ ዓይነት አንድ መደብ ሦስት መስመርና ወደ 60 እግር ይይዛል። ቀይ ሥር በመስመሮች መካከል 30፣ በእግሮች መካከል 10 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ካሮት በስሱ በመስመር ይዘራና በኋላ በመካከሉ 5 ሳንቲ ሜትር እስኪቀር ይሳሳል። የካሮት ዘር እስኪበቅል ድረስ አፈሩ ለአንድ ቀን እንኳ መድረቅ ስለሌለበት በቀጭን ጉዝጓዝ ተሸፍኖ ይጠበቃል።

ጉዝጓዝ። ቡቃያው አንድ ስንዝር ሲሆን በመስመሮቹ መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ይነጠፋል። ያለ ጉዝጓዝ ከላይ የተሰጠው የውኃ ሂሳብ አይሠራም። በዚህ አካባቢ ገለባ የበሬ መኖ ስለሆነ ከወላጅ ገለባ መጠየቅ አይገባም። የዛፍ ቅጠል፣ ዘር ያላፈራ አረምና የተከተፈ አገዳ ይበቃል። ምስጥ ባለበት ቆላ ጉዝጓዙ ከእግሩ ራቅ ብሎ ይደረግ።

ውኃ አጠጣጥ። ጠዋት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ይጠጣል። በቀትር የፈሰሰ ውኃ ለፀሐይ ነው። በየቀኑ ጥቂት ከማርከፍከፍ ይልቅ ሥሩ ጠለቅ ካለ በኋላ የሁለት ቀኑን ድርሻ በአንድ ቀን ማጠጣት ይሻላል። ይህን ለመወሰን ከሥር አካባቢ አንድ ጣት ያህል ጠልቆ የተቆፈረ አፈር በእጅ ይጨበጣል። ተጨብጦ ከቆየ ውኃ አያስፈልገውም፤ ከተበተነ ይጠጣ። ለፓፓያና ለሽፈራው እግሮች ባዶ ሃይላንድ ከሥሩ በመርፌ ተበስቶ፣ ውኃ ተሞልቶ በአጠገባቸው ቢቀበር ጠብ እያለ ያርሳቸዋል።

የኅዳር ሥራ

ኅዳር የፈተና ወር ነው። አዝመራው የሚሰበሰብበት ስለሆነ ከጥቅምት ጀምሮ በማማ ላይ ወፍ ሲጠብቁ የነበሩ ልጆች አሁን ደግሞ ለአጨዳና ለውቂያ፣ ለከብት ጥበቃም ከትምህርት ይቀራሉ። ይህን እንደ ስንፍና መቁጠር አይገባም፤ ቤተሰቡ የሚኖረው በዚያ ነው። ስለዚህ የክበቡ ከባድ ሥራ ሁሉ በጥቅምት እንዲያልቅና በኅዳር ውኃ ማጠጣትና መጠበቅ ብቻ እንዲቀር መታቀድ አለበት። አባላቱ በሦስት በሦስት ተከፍለው ተራ ይገባሉ፤ ቅዳሜና እሑድም ተራ ይወጣላቸዋል።

አርፍዶ የመጣን ተማሪ በአትክልት ቦታ ማሠራት በብዙ ትምህርት ቤት የተለመደ ቅጣት ነው። ይህ ልማድ መቅረት አለበት። መሬት መቆፈር የቅጣት ሥራ መሆኑን የተማረ ልጅ ግብርናን በበጎ ዓይን ሊያይ አይችልም።

በዚህ ወር ተባይ ይታያል። ሌሊት ቡቃያን ከአንገቱ የሚቆርጠው ቆራጭ ትል ማለዳ ላይ በተቆረጠው ቡቃያ ሥር አፈሩ ሲጫር ተጠቅልሎ ይገኛል፤ በእጅ ተለቅሞ ይገደላል። በጎመን ቅጠል ጀርባ የሚሰበሰበውን ክሽክሽ ጥቂት ሳሙና በተበጠበጠበት ውኃ ማጠብ ይቻላል፤ በጣም የተወረረው ቅጠል ተቆርጦ ይቀበራል። በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተባይ መድኃኒት መርጨት ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። የመድኃኒት ዕቃም ለውኃ መቅጃ አይዋል።

በደጋ ውርጭ ይጥላል ተብሎ በሚፈራበት ሌሊት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስም የሌለበት ነው። ማታ ላይ መደቡ በሣር ወይም በጆንያ ተሸፍኖ ማለዳ ይገለጣል።

የታኅሣሥ ሥራ

ቆስጣ ከተዘራ በ50 እና በ60 ቀን መካከል ቅጠሉ መቆረጥ ይጀምራል። ከውጭ በኩል ያሉት ቅጠሎች ብቻ ተቆርጠው የመሐሉ ይተዋል። ቀይ ሥር ሥሩ ብቻ ሳይሆን ለጋ ቅጠሉም እንደ ጎመን ተቀቅሎ ይበላል። ካሮት ሦስት ወር ያህል ስለሚፈልግ እስከ ጥር ይቆያል።

በዚህ ወር የዘር ሥራም ይጀመራል። ከሐበሻ ጎመን ቅጠላቸው ሰፊና ጤነኛ የሆኑ ሦስትና አራት እግሮች በቀለም ክር ምልክት ተደርጎባቸው ሳይቆረጡ ለዘር ይተዋሉ። ቆስጣ፣ ቀይ ሥርና ካሮት በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ጊዜ ዘር ስለማይሰጡ ዘራቸው መገዛት አለበት። ይህን ልዩነት ተማሪዎች ቢያውቁት ለሥነ ሕይወት ትምህርታቸውም ይጠቅማል።

በቆላ አንዱ መደብ ለስኳር ድንች ሐረግ ማቆያ ቢሆን ጥቅሙ ከትምህርት ቤቱ ያልፋል። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነው ስኳር ድንች ለዓይን ጤና የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኤ ስለሚሰጥ ለሕፃናት ምግብ ይመከራል። ችግሩ ሐረጉ በረጅሙ በጋ መድረቁና ገበሬው በሰኔ የሚተክለው ማጣቱ ነው። ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም ከምርምር ማዕከል የተገኘ 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሐረግ በጥቅምት በጥላ ሥር ባለ መደብ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል። ሐረጉ እስከ ክረምት እንዲቆይ ታቅዶ ከሆነ ከጥር 20 በኋላም በቀን አንድ ጀሪካን ያህል ስለሚፈልግ ይህ ከመጀመሪያው በሂሳቡ ውስጥ መግባት አለበት።

ሽፈራው በደቡብ የአገራችን ክፍል የኮንሶ ሕዝብ የዘወትር ምግብ ነው። ሙቀትንና ድርቅን ይችላል፤ ውርጭን አይችልም። አንድ ሜትር ሲደርስ ጫፉ ቢቆረጥ ወደ ጎን ስለሚያቆጠቁጥ ቅጠሉ ለልጅ እጅ ይደርሳል።

ከምርቱ ምን ይጠበቃል?

እውነቱን መናገር ይገባል። 60 እግር ቆስጣ ከእያንዳንዱ በሳምንት ሦስት ቅጠል ቢቆረጥ 180 ቅጠል ነው። ይህ ለሦስት መቶ ተማሪ ምሳ አይሆንም። የትምህርት ቤት ምገባ በክበብ መደብ ይተካል ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ ባለሙያ ራሱንም ትምህርት ቤቱንም ያታልላል።

የክበቡ ምርት ሌላ ነው። ቅጠሉ በተራ ለአባላት ቤት ይሄዳል፤ እናት ለትንሹ ልጅ ገንፎ ወይም ሽሮ እንዴት እንደሚገባ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ታያለች። ሐረጉና ዘሩ ለገበሬዎች ይተላለፋል። ልጁ ደግሞ ከእጅ መታጠቢያ በሚወርድ ውኃ፣ በአንድ ጀሪካን፣ በቤቱ ጓሮ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያውቃል። ብዙ ልጆች በቤታቸው ኽምጣና ተናጋሪዎች ስለሆኑ የሥራው ስሞች በመዝገቡ በሁለቱም ቋንቋ ቢጻፉ ትምህርቱ በቀላሉ ወደ ቤት ይገባል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ድርሻ

የጥቢው ሥራ የሚወሰነው በክረምት ነው፤ በክረምት ግን መምህሩም ተማሪውም የሉም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሚያስፈልጉት በዋናነት ለዚህ ነው።

ሀ/ በሰኔ ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት አሸንዳው ተጠርጎ፣ የላላው ተጠብቆ፣ ሮቶው ታጥቦ መዘጋጀቱን ማየት። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያወርድ ወደ ውጭ እንዲፈስ ይደረግ።

ለ/ በሐምሌና በነሐሴ ቢያንስ በየሁለት ሳምንቱ ከትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጋር የውኃውን ከፍታ መመልከት። በቅጠል የተደፈነ አሸንዳ አንድ ሰዓት ሥራ ይፈልጋል፤ ሳይጠረግ ከቀረ የመቶ ቀን ውኃ ያስቀራል።

ሐ/ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ለአባላቱ የአትክልት ዘር ሲያመጣ ለትምህርት ቤቱ ጥቂት ግራም ጨምሮ እንዲያመጣ ማድረግ። ዘሩ ከመዘራቱ በፊት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይፈተናል። ከ70 በታች ከበቀለ የዘሩ መጠን ይጨመራል፤ ከግማሽ በታች ከሆነ ይመለስ።

መ/ በሰኔና በሐምሌ የሐረግና የችግኝ ትርፉን ከክበቡ ተረክቦ ለአባላት ማከፋፈል። ማኅበሩ በምላሹ የአሸንዳ ቁራጭ፣ ጀሪካን ወይም ዶማ ቢሰጥ ክበቡ በየዓመቱ ከልመና ይድናል።

ሠ/ ተማሪዎችን በማኅበሩ ማሳ ላይ አለማሠራት። ክበቡ የትምህርት ቦታ እንጂ የጉልበት ምንጭ አይደለም።

ረ/ መዝገቡን በየወሩ አይቶ መፈረም። በመዝገቡ የተጠጣው ጀሪካን፣ የተቆረጠው ቅጠል፣ የደረቀው መደብም ሳይቀር ይጻፍ። የደረቀ መደብ ካልተጻፈ በሚቀጥለው ዓመት ይደገማል።

ማጠቃለያ

በሰሃላና በዋግ ደጋማ ቀበሌዎች የትምህርት ቤት የአትክልት ክበብ የሚወድቀው በአፈር ጉድለት ወይም በልጆች ስንፍና አይደለም፤ ከውኃው በላይ የሆነ መደብ ስለሚቆረጥ ነው። ስለዚህ በመስከረም ውኃው ይለካ፣ መደቡ በውኃው ልክ ይቆረጥ፣ ከባዱ ሥራ በጥቅምት ይለቅ፣ ኅዳር ለጥበቃ፣ ታኅሣሥ ለምርትና ለዘር ይሁን። ሁለት መደብ የሚበቃ ውኃ ያለው ትምህርት ቤት ሁለት መደብ ይሥራ፤ ውኃ ከሌለው ደግሞ በእጅ መታጠቢያው ዳር ሁለት የሽፈራው እግር ይትከል።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ከሜትሩ ጋር አንድ ጀሪካንና አንድ የመለኪያ ዘንግ ይዞ ይሂድ። በግቢው ያሉት አዛውንት ውኃውን መቼ ለካችሁት ብለው ሲጠይቁ መልስ ሊኖረው ይገባል።